በትንሹ ሲያነዱት የሚጠፋው ምድጃ

ያ ትልቁ በረዶ መንገዱን ሁሉ ከዘጋበት ዓመት በፊት፣ ባሕር ማዶ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በምትባል ከተማ ውስጥ የሐበሻ ቤት ማሞቂያ ሲበላሽ የሚጠራው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ደምሴ። የዘወትር ሥራው ስካይላይን በሚባለው ሰፈር ካሉት ፎቆች በአንዱ ጥገና ነው። ደረቱ ላይ ስሙ የተጠለፈበት ሰማያዊ ሸሚዝ ይለብሳል። ቅዳሜና እሑድ ግን የሰፈሩ ሰው ነበር። ቧንቧ ሲያፈስ፣ በር ሲነቀል፣ ምድጃ ሲያኮርፍ «ደምሴን ጥሩት» ይባላል።

ከቤቶቹ ሁሉ የሚኮራበት የእትዬ ልሳነወርቅ ቤት ነበር። እትዬ ልሳነወርቅ ሰባ ያለፋቸው፣ ባላቸው የሞቱባቸውና ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ናቸው። የቤታቸውን ትርፍ ቁልፍ የሰጡት ለደምሴ ነው። እሱም ከመኪናው ቁልፍ ጋር አስሮ፣ ሰው መሀል ሲቀመጥ ጠረጴዛ ላይ ጣል ያደርገዋል። «ይሄኛው የማን ነው?» የሚለው አይጠፋምና ሲመልስ ደስ ይለዋል።

በኋላ ሀቢብ የሚባል ወጣት ራቅ ካለችው ጎረቤት ከተማ ከአሌክሳንድሪያ ብቅ አለ። ስልክ ቁጥሩ በጎኑ የተጻፈበት ነጭ ቫን ይነዳል። ሰዉም «እጁ የተባረከ ነው፣ ደግሞ ትሕትናው!» ማለት ጀመረ። ደምሴ ይህን በሰማ ቁጥር፣ «የእኔን ቁጥር ሰው በቃሉ ነው የሚያውቀው፤ መኪና ላይ መለጠፍ አያስፈልገኝም» ይላል። ይበል እንጂ፣ ነጩ ቫን ሲያልፍ በማን በር እንደሚቆም ለማየት አንገቱ እስኪዞር በዓይኑ ይከተለው ነበር።

ነገሩ የከረረው በእትዬ ልሳነወርቅ ምድጃ ነው። ምድጃው ፔሌት የሚባለውን፣ ከእንጨት ብናኝ ተጨምቆ የሚሠራ ክኒን የሚያህል ማገዶ እየቆነጠረ የሚበላ ዘመናዊ ምድጃ ነው። ሃይ በሚለው ትልቁ ሙቀት ላይ ሲያደርጉት ይንቦገቦጋል። ሎው በሚለው ትንሹ ላይ ሲያደርጉት ግን ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ነበልባሉ ይዝልና እልም ይላል። ደምሴ ሦስት ጊዜ መጣ። አመዱን ጠረገ፤ ፔሌቱን በሌላ ዓይነት ለወጠ፤ መለኮሻውን አዲስ ገጠመ። በመጨረሻ ሃይ ላይ አድርጎት ሄደ።

«ወይ እንደ ዳቦ እጋገራለሁ፣ ወይ እንደ በረዶ እደርቃለሁ» አሉ እትዬ ልሳነወርቅ። «መሀል የለውም እንዴ?»

አንድ ቅዳሜ ደወሉለት። «ነገ ያ ሀቢብ የሚሉት ልጅ ያየዋል። አንተም ከቤተ ክርስቲያን መልስ ና። ቁልፌን ይዘህልኝ ና።»

ቁልፌን! ደምሴ ቀኑን ሙሉ ያቺ ቃል ስትወጋው ዋለች።

እሑድ ሲደርስ ነጩ ቫን ቀድሞታል። ገበታው ላይ ሽሮና ጎመን ቀርቧል።

«እትዬ፣ በእሑድ ምድር ሽሮ? ጾም ገባ እንዴ?»

«ሀቢብም አብሮን ይብላ ብዬ ነዋ! የእኛን ሥጋ መቼ ይበላል?»

ደምሴ ዓመቱን ቆጠረ። በዚህ ሁሉ ጊዜ «ምን ልሥራልህ?» ብለውት ያውቃሉ? አንድ ቀንም።

ሀቢብ ብድግ ብሎ ሰላም አለው። «ጋሼ ደምሴ፣ እርስዎ የነኩት ምድጃ ነው አሉኝ፤ ምን ቀርቶልኝ ይሆን ብዬ ነው የመጣሁት።»

«ብዙ አልቀረም» አለ ደምሴ። በልቡ ግን ምድጃውን ለመነው፤ ለሱም እንቢ በለው፣ አለው።

ሀቢብ የመሣሪያ ሣጥኑን እንኳ አልከፈተም። ከእትዬ ልሳነወርቅ እግር ሥር ቁጢጥ ብሎ ጠየቃቸው። «መጥፋት የጀመረው መቼ ነው?»

«መቼ ነበር... ያ ወገቤን ይመታኝ የነበረው ብርድ ካቆመ ወዲህ ነው መሰለኝ።»

ደምሴ ያኔ ትዝ አለው። ካቻምና እትዬ ምድጃው አጠገብ ተቀምጠው «ወገቤን ብርድ መታኝ፣ በሞቴ ድፈንልኝ» ሲሉት፣ ብርዱ የሚገባበትን ፈልጎ አግኝቶ ነበር። ከምድጃው ኋላ፣ ለእሳቱ ከውጭ አየር የሚያመጣው ቧንቧ ነው። አዛውንት ለምነው እንዴት እንቢ ይባላል? ለዛሬ ብቻ ብሎ ያረጀ የሥራ ሸሚዙን ወተፈበት። ከዚያም ረሳው። አሁን ይናገር? ምናልባት ሀቢብ አያገኘውም።

ሀቢብ ምድጃውን ከግድግዳው ገለል አድርጎ ቧንቧው ውስጥ እጁን ሰደደ። አቧራ የጠጣ ሰማያዊ ጨርቅ ወጣ። ዘረጋው፤ ደረቱ ላይ የተጠለፈውን ስም አነበበ። ደምሴን አንዴ ቀና ብሎ አየና ስሙን ወደ ውስጥ አድርጎ አጣጠፈው።

«ጨርቅ ገብቶበት ነው፣ እትዬ። ሃይ ላይ ፋኑ በኃይል ስለሚስብ በጨርቁም ውስጥ ቢሆን አየር ያገኛል። ሎው ላይ ጉልበቱ ሲቀንስ እሳቱ ይታፈናል።»

«ማን ከተተው?»

«ኧረ የድሮ ነገር ነው፣ ማን ያውቃል!»

ሰድቦት ቢሆን ለደምሴ ይቀለው ነበር። ጥፋቴን በመሸፈንም ይቅደመኝ? በዚህም ይብለጠኝ? ይህን መቻል አቃተው።

«እኔ ነኝ፣ እትዬ። ሸሚዙ የኔ ነው» አለና ቁልፉን ከቀለበቱ አውጥቶ ገበታው ላይ አኖረ።

እትዬ ልሳነወርቅ ሳቃቸው መጣ። «ድፈንልኝ ያልኩህ እኔ ነኝ፤ እኔም ረስቼው! ግን አንተ ሰው፣ ሦስት ጊዜ መጥተህ አንዴ እንኳ እንደዚህ ልጅ ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት? ገብተህ ትፈታለህ፣ ትገጥማለህ፣ ትሄዳለህ።»

ደምሴ ሸሚዙን ከሀቢብ እጅ ተቀብሎ ብብቱ ሥር ሸጎጠው።

«ቁልፉን ለእሱ ልሰጠው ነበር፤ አልዋሽህም» አሉ። «ግን ከአሌክሳንድሪያ እስኪደርስ ደርቄ እጠብቀዋለሁ። ስለዚህ አንሣውና ነገ አስቀርጸህ፣ አንዱን አንተው ራስህ ስጠው። ለወገቤ ደግሞ ወንበሬን ወዲያ አዙሩልኝ።»

ሁለቱ ወንበሩን ተሸክመው አዞሩ። ሽሮው ተበልቶ እስኪያልቅ፣ እጅ ታጥቦ ገበታው እስኪነሣ፣ ምድጃው ሎው ላይ ሳይጠፋ ቆየ።

በማግስቱ ደምሴ ቁልፍ ቀራጭ ዘንድ ሄደ። አዲሱን ቁልፍ በእትዬ በር ሲሞክረው ትንሽ ያዝ አደረገው። እንዲሁ ልስጠው ይሆን? ብሎ በሩ ላይ ቆመ። ከዚያ ከመኪናው ሞረድ አምጥቶ፣ እየሞከረ፣ እየሳለ፣ እንደ ቅቤ እስኪገባ ሠራውና ለሀቢብ ሰጠው።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ክረምት አለፈ፤ ሁለቱም አብረው የሚሠሩበት ቀን መጣ። ሰው «የእትዬ ልሳነወርቅ ቁልፍ ሀቢብም ጋ አለ አሉ» ሲለው ግን፣ ደምሴ የራሱን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ጣል ያደርገዋል።

«አለው። ዋናው ግን ይኸውልህ።»