ለአቧራ የመጣው ውኃ

ሰውየው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር፣ ጎረቤታችን ነበር። ለምርጫ እጩ ሆኖ ከመቅረቡ በፊት ለብዙ ዓመታት በአንድ መሥሪያ ቤት በኃላፊነት ሠርቷል። አመሻሽ ላይ ሙቀቱ በረድ ሲል እኛ በራችን ላይ ወንበር አውጥተን ስንቀመጥ እሱም ሽርጡን አገልድሞ ይመጣና ይቀላቀለናል። ወሬው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ የመንግሥት ገንዘብ አባካኝነት። ለአንድ ቀን ስብሰባ ስለሚሰፋው ካኒቴራ፣ ቆመው ሞተራቸው ሲንደቀደቅ ስለሚውሉት መኪኖች፣ ማንም ስለማያነበው ሰሌዳ ያወራል። «አቦ፣ ይሄ እኮ የደሃ ጉሮሮ ነው!» ይልና የራሱን ጉሮሮ በጣቱ ይነካል። እኔ አምነው ነበር። እናቴ ሳትቀር፣ «እንዲህ ያለ ሰው ነው መመረጥ ያለበት» ትል ነበር።

እኔ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ በአንድ የልብስ ፋብሪካ የሠራተኞች ጉዳይ ላይ ነው የምሠራው። አባቴ የምድር ባቡር ሰው፣ እናቴ ኦሮሞ ናት፤ አማርኛውም ኦሮምኛውም አፌን የፈታሁበት ስለሆነ በፋብሪካው ሰው ሳይግባባ ሲቀር የምጠራው እኔ ነኝ። ሰውየው ይህን ስለሚያውቅ የምርጫ ቅስቀሳው የተጀመረ ሰሞን በራችን ላይ ቆሞ ጠራኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ቅዳሜ ወደ ሐርላ በኩል አንድ መንደር እንወጣለን። የኔ ኦሮምኛ የገበያ ነው፣ ለንግግር አይሆንም። አስተርጉሚልኝ።»

«ጋሼ፣ እኔ ፖለቲካ የት አውቃለሁ?»

«ስለ ብክነት ነው የማወራው። እሱን ንግግር ደግሞ ከኔ በላይ ሰምተሽዋል» አለና ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ድሬ ትልቁንም ትንሹንም አንተ ስለምንል ነው መሰል፣ ከኃላፊ ጋር እንደማወራ እንኳ አልተሰማኝም። ደስ ብሎኝ እሺ አልኩት።

ቅዳሜ ጠዋት መገናኛው ቦታ ስደርስ ጥቁር መስታወት ያላቸው መኪኖች መንገዱን ይዘው ቆመዋል። ጭራው ላይ ሆኜ ጫፉን ማየት አልቻልኩም። አብዛኞቹ የመንግሥት ታርጋ አላቸው፤ በአብዛኞቹም ውስጥ ከሹፌሩ ሌላ አንድ ሰው ብቻ ነው የተቀመጠው። እሱ ያለበት መኪና ውስጥ አስገቡኝ።

«ጋሼ፣ ይሄ ሁሉ መኪና ለምንድን ነው?» አልኩት።

«ለክብር ነው» አለኝ፣ ስልኩን እያየ። «ባዶ እጃችንን ብንሄድ ሕዝቡ ናቁን ይላል።»

ቀልድ መስሎኝ ፊቱን አየሁት። እየቀለደ አልነበረም።

መንደሩ ስንደርስ ድንኳኑ ተተክሏል፤ ሞንታርቦው ይጮኻል። ከኛ ቀድሞ አንድ የውኃ ቦቴ ደርሶ ነበር። ከየቤቱ ሴቶች ቢጫ ጀሪካናቸውን አንጠልጥለው እየሮጡ ይወጣሉ። «ቢሻን ዱፌ! ቢሻን ዱፌ!» ይባባላሉ፤ ውኃ መጣ ማለታቸው ነው። ከሁሉም ፊት አንዲት ቀጭን ረጅም አሮጊት ነበረች። እኔ ከመኪና ወርጄ ሰላም ስላት ጀሪካኗን ወደ ሌላኛው እጇ አዛውራ ጨበጠችኝ። የጉድጓዱ ውኃ መሳቢያ ሞተር ከተቃጠለ ቆይቷል አለችኝ፤ ለመለወጫው በጀት የለም ስለተባሉ ከወንዙ አሸዋ ውስጥ እየቆፈሩ ነው የሚጠጡት።

«ዛሬ ግን ይዛችሁልን መጣችሁ» አለችና አቀፈችኝ።

የቦቴው ሹፌር ወርዶ ከኋላ ያለውን ቧንቧ ከፈተ። ውኃው መሬት ላይ መረጨት ጀመረ። ሹፌሩ ተመልሶ ገባና ቦቴውን ቀስ እያለ በድንኳኑ ዙሪያ ይነዳው ጀመር። ሴቶቹ ቧንቧው የተበላሸ መስሏቸው ጀሪካናቸውን ከሥሩ ለመደቀን ተሻሙ።

«ዞር በሉ! ለአቧራው ነው!» አለ ሹፌሩ በአማርኛ፣ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ።

አሮጊቷ ወደ እኔ ዞረች። «ምን አለ?»

የዚያን ቀን መጀመሪያ የተረጎምኩት እሱን ነው። «ለአቧራው ነው ይላል።»

«ለየቱ አቧራ?»

«እንግዶቹ ላይ እንዳይቦን።»

አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። እርጥቡን መሬት አየች፣ ከዚያ ጫማችንን አየች። ሌላ ሰው ቢነግረኝ የማላምነውን ነገር በዓይኔ እያየሁት ነበር።

ንግግሩ ተጀመረ። እሱ አንድ ዓረፍተ ነገር ይላል፣ እኔ እከተላለሁ። «የሕዝብ ሀብት በከንቱ አይፈስም!» አለ። ድምፁ ያው በራችን ላይ የምናውቀው ድምፅ ነው፤ ጉሮሮውንም ነካ። ተረጎምኩት። ጫማዬ ጭቃ ውስጥ ነው። «ለድግስና ለመኪና የሚወጣው ብር ወደ ውኃ ይዞራል! እኔ ከተመረጥኩ ሞተራችሁ ይቀየራል!» ይህንንም ተረጎምኩት። ከመንደሩ ሰው ማንም አላጨበጨበም፤ ያጨበጨቡት ከኛ ጋር በመኪና የመጡት ናቸው።

ጥያቄ ካለ ሲባል አሮጊቷ ተነሣች። «ከቦቴው ውስጥ የቀረ ውኃ ካለ ለኛ ይቀዳልን» አለች።

ተረጎምኩለት። እሱ ማይኩን በእጁ ሸፍኖ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «የቀረው ለሚቀጥለው ቦታ መርጫ ነው። ጥያቄሽን ይዘነዋል በያት፣ በቃ።»

እኔም ማይኩን አነሣሁና የቀረው ውኃ ለሚቀጥለው ቦታ አቧራ መርጫ እንደሆነ፣ ጥያቄዋም እንደተያዘ፣ ሁለቱንም ተናገርኩ። አስቤበት አይደለም፤ አፌ እሱ ያለውን ሁሉ መከተል ለምዶ ነበር። የእጩው ኦሮምኛ የገበያ ይሁን እንጂ ይህን ለመስማት በቂ ነበር። ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁት።

ሴቶቹ አልጮሁም። አንድ በአንድ ከድንኳኑ ወጥተው ቦቴው ፊት መሬት ላይ ተቀመጡ፤ ጀሪካናቸውንም ከጎናቸው አኖሩ። ሹፌሩ ጥሩምባ ነፋ። ማንም አልተነሣም። ትንሽ ቆይቶ ሞተሩን አጠፋና ወረደ፤ የማንንም ፈቃድ ሳይጠይቅ ቧንቧውን ከፍቶ ራሱ ይቀዳላቸው ጀመር። ይኼኔ እፎይ አልኩ።

ግን ወዲያው እጩው ኮቱን አስተካክሎ፣ ካሜራ የያዘውን ሰው በጣቱ ጠርቶ፣ ወደ ቦቴው ሄደ። ከአንዲት ሴት እጅ ጀሪካን ተቀበለና ከቧንቧው ሥር ደቀነ። ፈገግ አለ። ተቀረጸ። ጀሪካኑ ሳይሞላ መልሶ ሰጥቷት ወደ መኪናው ገባ።

እኔ ከሚቀጥለው ቦታ ቀረሁ። ሆዴን አሞኛል አልኩና ወደ ከተማ በሚመለስ መኪና ገባሁ። በነጋታው ቪዲዮው በሰው ሁሉ ስልክ ላይ ነበር። እጩው ውኃ ለተጠማው ሕዝብ ቦቴ አስጭኖ ደረሰ ይላል። ከምስሉ ሥር የሚሰማው የኔ ድምፅ ነው፤ በኦሮምኛ «ሞተራችሁ ይቀየራል» ስል። ከማፈሬ የተነሣ ስልኩን ፊቱን ወደ ታች አድርጌ አስቀመጥኩት። እናቴ ሦስቴ አስደግማ ካየችው በኋላ፣ «እውነት እሱ ነው ያስጫነው?» አለችኝ። ነገርኳት። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቀረች።

አመሻሽ ላይ እንደ ልማዱ መጣ። ሽርጡን አገልድሟል።

«ጋሼ፣ ውኃውን አንተ አልሰጠሃቸውም» አልኩት።

«ደረሳቸው ወይስ አልደረሳቸውም?»

«መሬት ላይ የፈሰሰውስ?»

ወንበሩን ወደ እኔ አስጠጋ። «ስሚ፣ ሰው ትሑቱን ነው የምመርጠው ይላል እንጂ የሚመርጠው አጀብ ያለውን ነው። አሁን ገንዘብ ካላወጣሁ አልመረጥም፤ ካልተመረጥኩ ደግሞ ማን ይቆጥብላቸዋል?»

የደነገጥኩት ስላታለለኝ አይደለም። ከልቡ ነበር የሚናገረው። ዓይኑ ውስጥ የሐፍረት ጥላ እንኳ አላየሁም። ለዓመታት በራችን ላይ ሲያወራ የነበረው ሰውና ይሄ ሰው አንድ ነበሩ፤ መሃላቸው የተለወጠ ነገር አልነበረም።

ተመረጠ። ከቤታችን በር ላይ መቆሙንም ተወ። ጠዋት ጠዋት ሹፌሩ መኪናውን አስነሥቶ፣ ወንበሩ እንዲቀዘቅዝ ብሎ፣ ጎረቤታችን ገላውን ታጥቦ እስኪወጣ ድረስ ሲያንደቀድቀው እንሰማለን።

ከወራት በኋላ ቀፊራ ገበያ ስገዛ አንድ እጅ ትከሻዬን ያዘኝ። አሮጊቷ ነበረች።

«አንቺ ነሽ» አለችኝ። «ሞተሩ ይቀየራል ያልሽን።»

«አዮ፣ እናቴ፣ እኔ አይደለሁም፤ እሱ ያለውን ነው የተናገርኩት።»

«እሱ ያለውን መች ሰማሁት። እኔ የሰማሁት አንቺን ነው» አለች። ነገር ፍለጋ አልነበረም፤ እንደ ተራ ነገር ነው ያለችው። ሞተሩ መች እንደሚመጣ በጥሩ ፊት ቆማ ትጠብቀኛለች፤ ቀኑን የማውቅ መስሏት።

ዕቃዋን ይዤላት ወደ ሰውየው ቢሮ ወሰድኳት። ግቢው አዲስ ንጣፍ እየተነጠፈለት ስለነበር በጎን በኩል ገባን። ጸሐፊዋ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ሌላ ቀን ተመለሱ አለችን። ተመልሰን ሄድን፤ ያኔም የለም። ሦስተኛ ጊዜ አሮጊቷ ራሷ፣ «ለመኪና የማወጣው አለቀ፣ ተይው» አለችኝ።

ሞተሩን በመጨረሻ መንደርተኛው ፍየል ሸጦ ቀየረው። ይህን የነገረችኝም እሷው ናት፣ እዚያው ቀፊራ። መጥተሽ ውኃውን ቅመሽው ብላኛለች። እስካሁን አልሄድኩም፤ ግን ሳልሄድ አልቀርም።