ሆድ ይፍጀው ያልሁት ዱካ

ጣሊያን ከመግባቱ ጥቂት ዓመታት በፊት ነው፤ ኅዳር አልቆ ሣሩ መድረቅ የጀመረበት ጊዜ። ከአዳማ በታች፣ አዋሽ ዳር፣ ጎሽ ወርዷል ተባለና ሦስት ሆነን ሄድን። ይመር የወሎ ሰው ነው፤ ጨው ነጋዴ፣ ቀልደኛ፣ ለበን ጠመንጃ የያዘ። ቱፋ የዚያው አገር ተወላጅ፣ ዱካ አዋቂ፣ መሣሪያው አንድ ጦር። እኔ ውጅግራ ጠመንጃዬን ይዣለሁ። ውጅግራን እናንተ ልጆች አታውቁትም፤ አንድ ተኩሰህ ሌላ እስክታጎርስ ድረስ ዕድሜህ በእግዜር እጅ ነው።

በእኛ ደንብ ግዳይ የሚሆነው ለጨረሰው ሳይሆን ቀድሞ ላደማው ነው። ስለዚህ ይመር ጎሹን ገና በሩቁ እንዳየው ተኮሰ። ሆዱ ላይ መታው፤ ጎሹም ሸምበቆው ውስጥ ገባ። የቆሰለ ጎሽ ጥሎ መሄድ ነውር ነውና መከተል ግድ ሆነ።

ቱፋ ጦሩን መሬት ላይ ተክሎ «እኔ ፈርቻለሁ፤ ትንሽ ልቀመጥ» አለ።

ይመር ሳቀ። «ቁጭ በል፣ ጎሹም ደክሞታል፣ ይጠብቅሃል።»

እኔ በልቤ ናቅሁት። ወንድ ልጅ ፈራሁ ይላል? እኔ ያደግሁት ሆድ ይፍጀው እየተባልሁ ነው። ቱፋ ውኃ ጠጥቶ፣ አምላኩን ዋቃዮን ለምኖ ሲነሣ ረግቶ ነበር። ከሸምበቆው በውጭ በኩል ዞሮ ሊጠብቅ ሄደ።

እኔና ይመር ገባን፤ እሱ ፊት፣ እኔ ኋላ። ኮቴው ጭቃው ላይ ጠልቆ፣ ደሙ እየተንጠባጠበ ወደፊት ይሄዳል። ሙቀቱ ያፍናል፤ ዝንቡ ዓይን አያስገልጥም። ድንገት በቀኝ በኩል ሸምበቆው ወደ ኋላችን ተጋድሞ፣ ትኩስ ደም ተቀብቶ አየሁ። ጎሹ ዞሮ ከጀርባችን ሆኗል። ይመር አላየውም።

«ዞሯል» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ድምፄ ቢንቀጠቀጥስ ብዬ ፈራሁ፤ ከናቅሁት ከቱፋ ላንስ ነው። ዋጥሁት። አሥር እርምጃ ያህል እንደሄድን ሸምበቆው ከኋላችን ተሰነጠቀ። እኔ ስለማውቅ ጆሮዬ እዚያው ነበርና ወደ ጎን ዘለልሁ። ጎሹ እኔን አልፎ ይመርን ከጭኑ ወግቶ አነሣው። ተኮስሁ፤ ተንገዳገደ እንጂ አልወደቀም። ሌላ ጥይት ላጎርስ ስታገል እጄ እንቢ አለኝ። ያ ፈራሁ ያለው ቱፋ ሸምበቆውን ጥሶ መጥቶ ጦሩን ከጎሹ ብብት ሥር ሰክቶ ጣለው።

ከዚያ ቱፋ ይመርን አቅፎ ድምፅ አውጥቶ አለቀሰ፤ እያለቀሰም ኩታውን ቀዶ እግሩን አሰረለት። ይመር ፊቱ አመድ መስሏል።

«መዞሩን አይተህ ነበር?» አለኝ።

«አላየሁም» አልሁት።

ይመር አንድ እግሩን አጣ። ግዳዩ የእሱ ነውና እንደ ገዳይ ወግ ቅቤ ተቀባ፤ አቦምሳ ከተማ ሱቅ ከፈተ፤ ስለ እግሩ ለጠየቀው ሁሉ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እያለ ሲስቅ ኖረ። ቱፋ ያን ቀን ሲያወራ ዛሬም ያልበዋል፣ ያለቅሳል፤ ሲጨርስ ምሳውን በልቶ ይተኛል። ሙሉ አካል ይዤ የተመለስሁት እኔ ነኝ እንቅልፍ ያጣሁት። በትንሹም በትልቁም ሚስቴ ላይ እጮኻለሁ። አደን ከተውሁ ቆየሁ። ስንት ጊዜ ልነግረው አቦምሳ ድረስ ሄጄ፣ ሻይ ጠጥቼ፣ ስለ ዝናቡ አውርቼ ተመልሻለሁ።

እናንተ ስትፈሩ እንደ ቱፋ ተቀመጡ፣ ወይም እንደ ይመር ሳቁ፤ ለሁሉም እንደ ልቡ ነው። ብቻ ያያችሁትን አትዋጡ።

ይመር ባለፈው ዓመት ሞተ። ለቅሶ ቤት ትልቁ ልጁ አጠገቤ ተቀመጠ። «አባባ እግሬን ያጣሁት በገዛ ችኮላዬ ነው ይል ነበር። እርስዎ አብረው ነበሩ አሉ፤ እውነት ነው?» አለኝ።

«እውነት ነው» አልሁት። ዛሬ ለእናንተ በመናገሬ ቀለለኝ ብል ውሸት ነው፤ ሊሰማኝ የሚገባው ሰው አፈር ለብሷል።