ጠብ የሌለበት ሽምግልና

ባለቤቴ ሲያኮርፍ አውቀዋለሁ። ሦስት ቀን ፊቱን ያጠቁራል፤ በአራተኛው ወጡ ቀጠነ ብሎ ይቆጣና ይወጣለታል። ያ የክረምት ኩርፊያው ግን ሌላ ነበር። ወር አለፈው፣ ሁለተኛውም ተጋመሰ፤ ስለ ወጥ እንኳ ትንፍሽ አላለም።

ጊዜው የደርግ ነው፤ ቤታችን እንጅባራ ዳር ነበር። እሱ ልብስ ሰፊ ነው። ከዓመት በፊት ባሕር ዳር ሄዶ ሲመረመር የስኳር በሽታ አለብህ አሉት። በየቀኑ የሚዋጥ ኪኒን ሰጡት፣ ጠላና ማር ተው አሉት። የሐኪሙን ቃል እኔ እንደ አዋጅ ያዝሁት። መቼም እጄም ምላሴም ፈጣን ነው። በማኅበር ቀን፣ ጓደኞቹ ፊት፣ ጠላውን ከእጁ ነጠቅሁት። ሰው ሳቀ፤ እሱም ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ማኅበር ሄዶ አያውቅም።

ቀስ በቀስ ሥራውንም ተወ። የስፌት መኪናውን ጨርቅ አልብሶ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል፤ እንቅልፍ ግን የለውም። ለቀበሌ ስብሰባ ሲጠራ እንኳ አልነሣም አለ። በዚያ ዘመን ከስብሰባ መቅረት ጨዋታ አልነበረም። አሞታል ብዬ ሸፈንሁለት። ውስጤ ግን ይንጨረጨር ነበር። ለአንድ ዋንጫ ጠላ ይህን ያህል ኩርፊያ!

እናም የተኳረፈ ሰው የሚያደርገውን አደረግሁ፤ ሦስት ሽማግሌዎች ለመንሁ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መጡ። ትልቁ የዘንገና ሐይቅ ዳር ገበሬ ናቸው፤ ስንት የደም ጠብ ያበረዱ ሰው።

"ምን በደለችህ?" አሉት።

"ምንም።"

የተበደለ ሰው ለወጉ አንድ ሁለቴ እንዲያ ይላልና ደገሙለት። ሦስተኛውን "ምንም" ሲሰሙ ወደ እኔ ዞሩ። ከደጅ ድንጋይ አንሥቼ ማጅራቴ ላይ ተሸከምሁና እግሩ ሥር ተንበረከክሁ።

"ሰው ፊት አዋርጄሃለሁ፤ ይቅር በለኝ።"

ድንጋዩን አወረደልኝ። ከዚያ ተንሰቅስቆ አለቀሰ። ሽማግሌዎቹ ነገሩ እንዲከብር ብለው እስከዚያ በአማርኛ ነበር የሚናገሩት። ትልቁ እስኪረጋጋ ጠበቁትና በአፍ መፍቻችን፣ በአገውኛ፣ ምን ሆነህ ነው ልጄ አሉት።

"እሷ ምንም አላደረገችኝም" አለ። "ጠላም አላማረኝም። ምንም አያምረኝም። ሲነጋ ለምን ነጋ እላለሁ። ኪኒኑን ከተውሁ ወር ሆነኝ። ቶሎ ቢወስደኝ ብዬ ነው።"

ኪኒኑን በየጠዋቱ እጁ ላይ የማስቀምጥለት እኔ ነበርሁ። የፍራሹን ጫፍ ገለጥ አድርጎ አሳየኝ፤ ሁሉም እዚያ ነው። አጠገቤ ሞቱን በሚጠብቅ ሰው ላይ ወር ሙሉ ስናደድ መክረሜን ሳስበው አፈርሁ።

ዛሬ ድባቴ ይሉታል፤ የስኳር ሕመምተኛን ደጋግሞ እንደሚይዝም ሐኪሞች ይናገራሉ። ያኔ ስም አላወቅንለትም። ሽማግሌዎቹም የሚያውቁት ማስታረቅ ብቻ ነው። በመጨረሻ ትልቁ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ዕርቅ ሲያልቅ ሁልጊዜ የሚሉትን አሉ።

"ዋስ ጥራ።"

"የምን ዋስ?"

"ኪኒንህን እንደምትውጥ። ሲጨልምብህም ሳትደብቅ እንደምትናገር። ዋስ ሳትጠራ ከዚህ አንነሣም።"

ወንድሙን ይጠራል ብዬ ነበር። እሱ ግን ወደ እኔ አየ።

"እሷ ትሁነኝ።"

"ሚስት ለባሏ ዋስ ስትሆን አይተን አናውቅም" አሉ አንደኛው።

"እንግዲያው ዛሬ እንይ" አሉ ትልቁ።

ተነሥቼ ዋስ ሆንሁ።

በማግስቱ ኪኒንና ውኃ ይዤ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥሁ። ፊቱ ወደ ግድግዳው ነው። እንደ ልማዴ ልጮኽበት ከጅሎኝ ነበር፤ ተውሁት።

"ዛሬ አልችልም" አለኝ። አለመቻሉን በአፉ ሲነግረኝ የመጀመሪያው ነው።

"እሺ። ግን ዋስህ ነኝ፤ ብትቀር የምጠየቀው እኔ ነኝ።"

ፊቱን ከግድግዳው መለሰ። ከዚያ ተነሥቶ ተቀመጠና እጁን ዘረጋ። ለመኖር ብሎ አልነበረም፤ ዋሱን ላለማሳፈር ነው። ለዚያ ቀን ያም በቃኝ።