በሱፍ ክር የተለካ ክንድ

ከዩኒቨርሲቲ ማደሪያችን በስተጀርባ አዲስ ሕንፃ እየተሠራ ነው፤ ጠዋት ወደ ክፍል ስንሄድ ግንበኞቹ ሲሚንቶ ሲያቦኩ እናልፋቸዋለን። የእርጥቡ ሲሚንቶ ሽታ አፍንጫዬን ሲነካው ደብተሬን በብብቴ እንደያዝኩ ቆም እላለሁ። አብረውኝ የሚሄዱት ልጆች አንድ ነገር ረስቼ የምመለስ ይመስላቸዋል። ሌላውን ሰው ወደ ልጅነቱ የሚመልሰው የእናቱ ወጥ ወይም የአዲስ ጫማ ሽታ ሊሆን ይችላል፤ እኔን ግን ያደግሁባት ዘመሮ የሚያደርሰኝ ሲሚንቶ ነው።

የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎች ነበርን፣ እኔና ደሳለኝ። ቤታቸውን ከቤታችን የሚለየው አንድ የድንጋይ ካብ ብቻ ነው፤ ካቡም ቢሆን እኛ እየዘለልነው መሀሉ ጎድጉዷል። ደሳለኝ የደብራችን ዲያቆን ነበር፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ድምፁ ግን ከደረቱ የሚበልጥ። በአንድ የክፍል ጓደኛችን ስልክ ላይ ደረቱ እንደ በር የሰፋ ሰው ለቁርሱ አሥር እንቁላል ሰብሮ ነጩን ሲጠጣና አስኳሉን ሲደፋ ያየን ዕለት፣ እኔ ያየሁት ክንዱን ነበር፤ ደሳለኝ ግን ፊቱን አጨማዶ "አስኳል የሚደፋ ሰው ምን ዓይነት ቤት ነው ያደገው?" አለ። ቢሆንም ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለታችንም ሰውነታችንን መገንባት አማረን።

ጂም የሚባል ነገር በአካባቢያችን አልነበረም፤ ቢኖርም የምንከፍለው አልነበረንም። ስለዚህ የትምህርት ቤቱን አጥር ለሚሠሩት ግንበኞች ከሰዓት በኋላ ድንጋይ እያቀበልን፣ ሥራ ሲያበቁ ባሬላው ላይ የሚቀረውን ሲሚንቶ ለመንናቸው። ሁለት ባዶ የቀለም ቆርቆሮ አገኘን፤ አንድ ጠማማ ፌሮ ድንጋይ ላይ እየቀጠቀጥን አቃናን፤ ጫፍና ጫፉን በቆርቆሮዎቹ ውስጥ አቁመን ሲሚንቶውን ሞላንባቸው። ለአንዱ እስከ አፉ ሲበቃ ለሌላው ሁለት ጣት ጎደለ፤ ስለዚህ ብረታችን ዕድሜ ልኩን ወደ ቀኝ ያጋድል ነበር፤ አንድ ዙር ከሠራን በኋላ ቀኝ ክንዳችን ብቻ እንዳያድግ ገልብጠን እናነሳዋለን። በጀሪካን አሸዋ ሞላን። የባሕር ዛፍ ሳንቃ በሁለት ድንጋይ ላይ አጋደምን፤ ይህ ሁሉ የተደረደረው ከነደሳለኝ ቤት ጀርባ ባለው፣ በጎች ከወጡበት ቆየት ባለ ባዶ በረት ውስጥ ነው።

ሰው ግን ዝም ብሎ አላየንም። ገበያ የሚሄዱ ሽማግሌዎች በካቡ በኩል አንገታቸውን አስግገው ያዩንና "ለማን ነው የምትዘጋጁት?" ይሉናል፤ ለማንም እንዳልሆነ ስንነግራቸው ይብስ ይጠረጥራሉ። አባቴ አንድ ቀን ብረቱን በእግሩ ገፋ አድርጎ አየውና "ይህን ያህል የሚለፋ ሰው ቢያንስ አንድ ነገር ተሸክሞ ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ቦታ ያደርሳል" ብሎኝ ሄደ። ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ደግሞ ዶሮዎቻቸው በዚያ በረት ጭድ ውስጥ እንቁላል ስለሚጥሉ በቀን ሁለት ሦስቴ ብቅ ይሉ ነበር፤ "ጉልበት ከተረፋችሁ የኔ ግንድ ሳይፈለጥ ከርሟል" ይሉንና ጭዱን እየዳበሱ፣ እኛንም በጎን እያዩ ይመለሳሉ።

ሁዳዴ ሲገባ ተማማልን። ጾሙን ሳንሽር፣ በበሶና በባቄላ ንፍሮ ብቻ እስከ ፋሲካ ልንሠራ። ለውጡን የምንለካበት ሜትር ስላልነበረን እናቴ ከምትፈትለው የበግ ሱፍ ሁለት ክር ቆርጬ አመጣሁ። በመጀመሪያው እሑድ እያንዳንዳችን ክራችንን በታጠፈው ክንዳችን ዙሪያ ጠምጥመን፣ ጫፉ የደረሰበት ላይ ቋጠርን። ክንድ ሲወፍር ጫፉ ቋጠሮው ጋ መድረስ ያቅተዋል፤ የቀረው ክፍተት ያደግነው ነው። እኔ ክሬን በሂሳብ ደብተሬ መሀል አጥፌ አስቀመጥኩት፤ ደሳለኝ ከማተቡ ጋር አንገቱ ላይ አሰረው።

በሦስተኛው እሑድ የደሳለኝ ክር ከቋጠሮው ግማሽ ጣት ቀረ። በአምስተኛው አንድ ጣት ሙሉ። የኔ ግን ቋጠሮው ላይ እንደተኛ ነበር፤ እንዲያውም ላላ ያለ መሰለኝ። አንድ ዓይነት በሶ ነው የምንበላው፣ አንድ ዓይነት ብረት ነው የምናነሳው፤ እንዴት ነው እሱ ብቻ የሚያድገው እያልኩ ማሰላሰል ጀመርኩ። ከዚያ በኋላ ያየሁት ነገር ሁሉ ማስረጃ ሆነብኝ። ቅዳሜ ጭዱ ውስጥ ሦስት እንቁላል አይቼ ነበር፣ ሰኞ የሉም። ከኔ ቀድሞ በረቱ ይደርሳል፣ ከኔ በኋላ ይወጣል። ስጠይቀው "ምስባክ እያጠናሁ ነው" ይለኛል፤ እውነትም የሆሳዕና ዕለት ምስባኩን እንዲያዜም የተመረጠው እሱ ነበር፤ የመጀመሪያው ስለሆነም ብረት በሚያነሳበት መሀል እንኳ ያንጎራጉረው ነበር። እኔ ግን ዜማውን እየሰማሁ ከንፈሩ ላይ አስኳል እፈልግ ነበር። አስኳል አላገኘሁም፤ አፉን አብሶት ይሆናል አልኩ።

የኔታ፣ የደብሩ የዜማ መምህር፣ እኔን ይወዱኝ ነበር፤ እኔም እሳቸውን ማስደሰት እወድ ነበር። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደሳለኝ የውኃ ጀሪካን ተሸክሞ ሲያልፍ አይተውት ፈገግ አሉና "ጾሙ ለዚህ ልጅ ተስማምቶታል" አሉኝ።

"እንቁላሉም ተስማምቶት ይሆናል፣ የኔታ" አልኩ።

ይስቃሉ ብዬ ነበር። አልሳቁም።

"ምን አልክ?"

"እኔ አላየሁም፣ የኔታ። ግን..."

ከዚያ "ግን" በኋላ ያልኩትን ሁሉ ዛሬ ባልጽፈው እመርጣለሁ፤ ስለ ክሩም፣ ስለ ጭዱም ነገርኳቸው። ሁሉም እውነት ነበር፤ አንድም ነገር አልጨመርኩም፤ ያኔ በዚህ ራሴን አጽናንቼ ነበር።

ሆሳዕና ዕለት ምስባኩን ሌላ ዲያቆን አዜመ። ደሳለኝ ከምእመናኑ ጋር በስተውጭ፣ የዘንባባ ቀለበት ጣቱ ላይ አድርጎ ቆመ። የኔታ ጠርተው ጠይቀውት ነበር፤ አልበላሁም ብሏል፤ ነገሩ እስኪጣራ ግን ወደ መቅደስ እንዳይገባ ተደረገ። አያቱ፣ መላ ዘመናቸውን በቅስና ያሳለፉት ሰው፣ ከደጀ ሰላሙ ሲወጡ ለማንም ሰላምታ አልሰጡም። በዚያ ሳምንት ደሳለኝ ካቡ ላይ አጠገቤ ተቀምጦ "ማን እንደነገራቸው ታውቃለህ?" አለኝ።

"አላውቅም" አልኩት።

"እኔ ግን አውቃለሁ። እትዬ አስካለ ናቸው። እንቁላላቸው በጠፋ ቁጥር እኔን ነው የሚያዩት።"

አላረምኩትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደሳለኝ ለእትዬ አስካለ ሰላምታ ነፈጋቸው፤ እሳቸውም ልጁ ፊት የነሳቸው አንድ ነገር ቢኖርበት ነው ብለው ዶሮዎቻቸውን ከበረቱ አስወጡ። የማንንም እንቁላል ያልነካ ሰው በሁለት ወገን ሌባና ጾም ሻሪ ሆነ፤ እኔ ደግሞ መሀል ተቀምጬ በሁለቱም ዘንድ ጥሩ ልጅ እባል ነበር።

ፋሲካ አለፈ። የበልጉ ዝናብ በርትቶ ስለነበር አንድ ማታ የቤታችን ጣሪያ አፈሰሰና ደብተሮቼ ረጠቡ። የሂሳቡን ገልጬ ምድጃ ዳር አሰጣሁት፤ ክሩም አብሮ ደረቀ። በማግስቱ እንደ ልማዴ ክንዴ ላይ ጠመጠምኩት፤ ከቋጠሮው አንድ ጣት ከምናምን ቀረ። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። የፋሲካው ዶሮ በሦስት ቀን ክንዴ ላይ የወጣ መሰለኝና እየሮጥኩ ለእናቴ አሳየኋት። እንዝርቷን አስቀመጠችና ክሩን በጣቷ ሳብ አድርጋ አየችው።

"ረጥቦ ነበር?"

"አዎ።"

"ሱፍ እኮ ነው፣ ልጄ። ረጥቦ ሲደርቅ ይሰበሰባል። ባና ተሸምኖ ሲያበቃ ውኃ እያፈሰስን በእግራችን የምንረግጠው ለጨዋታ ይመስልሃል?"

ተወልጄ ያደግሁት ባና፣ የሱፉ ብርድ ልብሳችን፣ ሲረገጥ እያየሁ ነው፤ በልጅነቴ ራሴም ረግጫለሁ፣ ውርጩ እግሬን እየቆነጠጠኝ። እናቴ እየሳቀች ወደ እንዝርቷ ተመለሰች፤ እኔ ግን እዚያው ቆሜ ደሳለኝን በዓይነ ልቦናዬ አየሁት፦ በየቀኑ ለቤተ ክርስቲያን ውኃ ሲቀዳ፣ በዝናብ ሲመላለስ፣ ብረት ሲያነሳ በላብ ሲጠመቅ፣ ክሩ አንገቱ ላይ እየረጠበ እየደረቀ። ክንዱ አላደገም። ያጠረው ክሩ ነው።

በዚያው ዕለት የኔታ ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። እሳቸውም "ለኔ ነገርከኝ። ለእሱስ?" አሉኝ። በሚቀጥለው እሑድ ደሳለኝ ልብሰ ተክህኖውን ለብሶ ገባ።

ከዚያ በፊት ግን በረቱ ውስጥ አግኝቼው ነበር። የተናገርኩት እኔ እንደሆንኩ፣ ሲጠይቀኝም እንደዋሸሁት፣ የክሩንም ነገር አንድ በአንድ ነገርኩት። ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ሰማኝ። ሊመታኝ ይችላል ብዬ ነበር። ክሩን ካንገቱ ፈትቶ አገላብጦ አየውና "ታዲያ ክንዴ አላደገም ማለት ነው?" አለኝ። ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅኩ። ቀጥሎ "እትዬ አስካለን ምን ብዬ ነው ይቅርታ የምጠይቃቸው?" ብሎ ተነሳና ወጣ። ከካቡ ማዶ ድምፃቸውን ሰማሁ፤ ከይቅርታው በፊት ግንዱን አስፈለጡት።

ሰኞ ዕለት እንደ ድሮው ሊሠራ መጣ። ደስ አለኝ፤ ነገሩ ያለቀ መሰለኝ። ሳንቃው ላይ በጀርባዬ ተንጋለልኩ፣ እሱ በራስጌዬ ቆሞ እጁን ከብረቱ ሥር አደረገ፤ ቢያቅተኝ ደረቴ ላይ እንዳይወድቅ የሚይዘው እሱ ነው። ያ ብረት ከአቅሜ በላይ ነበር፤ ያም ሆኖ እስከዚያን ቀን ድረስ ዓይኔን ጨፍኜ አሥር ጊዜ አነሳው ነበር፤ የመጨረሻዎቹን ሁለት ሦስቱን የማነሳው የሱን እጅ ተማምኜ ነው። በዚያ ቀን ግን ዓይኔን አልጨፈንኩም። ከታች ወደ ላይ ፊቱን አየሁት። በሱ ቦታ እኔ ብሆን ኖሮ ብረቱን እይዘው ነበር ወይ ብዬ አሰብኩ፤ ስድስት ላይ ብረቱን መልሼ አስቀመጥኩ።

"ስድስት ላይ አቆምክ" አለኝ።

"ደክሞኝ ነው።"

"አልደከመህም" አለ፤ ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ነጠላውን ከአጥሩ ላይ አንስቶ ወጣ፤ ወደ በረቱ ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም።

አሁንም ለበዓል ወደ አገሬ ስገባ እንገናኛለን። ትከሻ ለትከሻ ተሳስመን ስለ ትምህርቴ ይጠይቀኛል፣ ስለ አያቱ ጤና እጠይቀዋለሁ፤ ከዚያ አንዳችን የሚቸኩልበት ጉዳይ ይኖረዋል። እዚህ ዩኒቨርሲቲ እውነተኛ ብረት አለ፣ ሁለቱም ጎን እኩል የሚመዝን፤ ክንዴም አድጓል፣ በሜትር ለክቼዋለሁ። አልፎ አልፎ በጀርባዬ ተንጋልዬ ብረት ሳነሳ የማላውቀው ተማሪ መጥቶ "ልያዝልህ?" ይለኛል። አመስግኜ አይ እለዋለሁ፤ ብቻዬን ወደ ቦታው ልመልሰው የምችለውን ያህል ብቻ ነው የምጭነው።