የአጎቴ ምርቃትና የጉምቦዋ አውሮፕላን

አውሮፕላን በምርቃት ይነሳል ብል አታምኑኝም። እኔ ግን ጁባ ላይ አስነስቻለሁ።

አጎቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የጠገንኩትን ነገር ሳይመርቁ አያስነሱኝም ነበር። ጄኔሬተርም ይሁን ሬዲዮ፣ «እንትፍ እንትፍ! ተነሺ፣ ወድቀሽ አትቅሪ!» ይላሉ። አሜናችን ከሳሳ ደግሞ፣ «ምነው፣ ቁርስ አልበላችሁም? ድገሙት!»

ኮንዮ ኮንዮ ገበያ ያገኘኋትን አሮጌ የሪሞት አውሮፕላን ግን ሳይመርቋት ሞቱ። ክንፏን ከዓሣ ማሸጊያ ፎም ቀርጬ ሠራሁላት፤ ማን አስተማረኝ? ማንም! በአርባቸው ማግስት ወንበራቸውን ተሸክሜ ከጁባ ዳር ጉምቦ ሜዳ ወጣሁ። ለሳቸው ስል መብረር አለባት። ለቀቅኳት፤ አፍንጫዋን ቀና አደረገችና ተዘረረች። ደገምኩ፣ ያው ነው። ጋምቤላ ያደገ አንድ የቦዳቦዳ፣ የሞተር ታክሲ፣ ነጂ፣ «ኸላስ፣ በቃ ጋሼ! ዶሮ ናት፣ እረዳት!» ብሎ ጓደኞቹን አሳቀብኝ።

ባዶውን ወንበር ሳይ የጎደለው ገባኝ። ኮፍያዬን አውልቄ ልክ እንደሳቸው መረቅኳት። «አሜን» አሉ ነጂዎቹ እየሳቁ።

«ቁርስ አልበላችሁም? ድገሙት!» አልኳቸው።

ሜዳው በአሜን ተናጋ። እርግጥ ክብደቷ እንዲመጣጠን ባትሪዋንም ወደ አፍንጫዋ ገፋ አድርጌያለሁ፤ እሱ ለወጉ ነው። ተነሳች! ሁለቴ ዞራን ወንበሩ አጠገብ አረፈች።

ካላመናችሁ ጉምቦ ሂዱና ቦዳቦዳዎቹን ጠይቁ። ዛሬም ሞተር እምቢ ሲላቸው አሜን ነው የሚሉት።