ጭስ ምስጢር አያወራም

ጅማ ውስጥ ሬዲዮው ተበላሽቶበት እኔን ያልፈለገ ሰው ካለ፣ ለከተማው እንግዳ ነው። ማንም አላስተማረኝም፤ የተጣለ ሬዲዮ እየፈታሁና እየገጠምኩ ራሴን በራሴ አስተማርኩ። በደርግ ጊዜ ቦሳ ኪቶ ሰፈር የነበረ አንድ የጥገና ቤት ከጦሩ ጋር ተዋውሎ የመገናኛ ሬዲዮ መጠገን ሲጀምር፣ ባለቤቱ መጀመሪያ የቀጠረው እኔን ነበር። ደግ አደረገ።

ሥራው ያኮራል፤ ክፍሉ ግን ያፍናል። ምስጢር ነው ተብሎ መስኮቶቹ በቆርቆሮ ተመትተዋል፤ በሩም ይቆለፋል። ስንበይድ የእርሳሱና የሙጫው ጭስ መውጫ አጥቶ አናታችን ላይ ይረጋል። ምሳም እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነበር የምንበላው።

የሬዲዮ ጥቅል ሽቦ የሚጠቀልሉልን ከጅሬን የሚመጡ ሴት ነበሩ። ስለሚበልጡኝ «አዴ» እላቸዋለሁ። እንደ እሳቸው የረጋ እጅ፣ ከራሴ በቀር፣ አላየሁም። ደረታቸውን ያማቸው ጀመር። አንድ ቀን ሲያስሉ ቆይተው፣

«ሐኪሙ ከዚያ ቤት ሥራ ልቀቂ አለኝ» አሉ። «ብወጣስ ልጆቼን ምን ላበላቸው ነው?»

«እርስዎ የትም አይሄዱም። የሚሄደው ጭሱ ነው።»

«ወላሂ፣ ያንተን ምላስ ብጠቀልለው ለስንት ሬዲዮ ይበቃ ነበር!»

አጋሮ ወረድኩ። እዚያ አንድ የቡና መፈልፈያ ቤት ገለባ የሚነፋበትን አሮጌ ማራገቢያ እንደጣለ አውቅ ነበር። ለምኜ አመጣሁት፤ የተቃጠለ ሞተሩን አዴ እንደገና ጠቀለሉልኝ። ግድግዳውን ልበሳ ስል ግን ባለቤቱ፣ ከጦሩ እየመጣ ሥራውን የሚመረምረው መቶ አለቃ ሳይፈቅድ አንድ ጡብ አይነካም አለኝ።

መቶ አለቃው ሲመጣ ራሴ ጠየቅሁት።

«ምስጢር ይወጣል» አለ።

«ጓድ መቶ አለቃ፣ ጭስ ምስጢር ያወራል እንዴ? አፍ ያለን እኛ ነን፤ እኛን ደግሞ ሲመሽ ወደ ቤታችን ይለቁናል።»

የባለቤቱ ፊት አመድ መሰለ። መቶ አለቃው ግን፣ «ብሳው። ከውጭ ሆኜ አያለሁ፤ ውስጥ ያለ ነገር ከታየኝ ትደፍነዋለህ» አለ።

በስቼ ገጠምኩት። እሱ ውጭ ወንበር ላይ ወጥቶ በቀዳዳው አጮልቆ፣ «አብራ!» አለ። አበራሁ። ማራገቢያው ሆድ ውስጥ የቀረው የአጋሮ ገለባ ከጭሳችን ጋር ተደባልቆ ፊቱ ላይ ወጣ።

ወደ ውስጥ ሲገባ ቆቡ ገለባ ለብሷል፤ ዓይኑ ያነባል፤ ሳል አጣድፎታል። ሁላችንም ወደ ጠረጴዛችን አጎነበስን። አዴ ብቻ፣ «ያ ረቢ! ጓድም ሳላችንን ተካፈሉ» አሉ።

«ቀኑን ሙሉ የምትተነፍሱት ይሄንን ነው?» አለ መቶ አለቃው።

«ገለባው የዛሬ ብቻ ነው» አልኩት።

ቆቡን አራግፎ ባለቤቱን፣ «እንዳትደፍኑት» አለው።

ይህን ለውጥ ያመጣው ባለቤቱ ነው የሚሉ ስላሉ፣ እኔ ያደረግሁትን ላስፍር። ጭሱን ከዚያ ቤት አስወጣሁ። መቶ አለቃውን አስፈቅጄ አንዱን መስኮት ከቆርቆሮ ወደ ወንፊት ሽቦ አስለወጥኩ። ምሳ ውጭ፣ ዛፉ ሥር እንዲሆን፣ ከዚያም በፊት እጅ በሳሙና እንዲታጠብ አደረግሁ፤ መጀመሪያ ሳቁብኝ፣ በኋላ ሳሙና ሲያልቅ እኔን መጠየቅ ጀመሩ። የአዴ ሳል እየቀለለ ሄደ፤ ጥገና ቤቱ እስኪዘጋ ድረስም ከጎኔ ሠሩ። የመጨረሻ ልጃቸውን ጥገና አስተማርኳት። ዛሬ አጋሮ ላይ ሞባይል ትጠግናለች፤ ሱቋንም ነፋስ በሚገባበት በኩል የመረጥኩላት እኔ ነኝ።