የቤት መኪና ኮርኒስ

ዓርብ፣ ጎሕ ሲቀድ፤ ደሴ

ከደሴ የወጣነው የጦሳ ተራራ ገና ጭጋጉን ሳይገፍ ነው። እኔ መሪው ላይ፣ ታላቅ እህቴ እታለም ሸዋዬ ከጎኔ፣ የልጇ ጥሎሽ የታጨቀበት ሣጥን ከኋላ። ልጇ ወልዲያ ላይ አስተማሪ ነው። እሑድ ሲሪንቃ ወርዶ ሙሽራዋን ያመጣል። ሽማግሌዎቹ ለልጅቷ አባት ብዙ ቃል ገብተዋል፤ ሰውየው አጥብቀው የያዙት ግን አንዱን ብቻ ነው፦ ልጃቸው በአውቶቡስ ሳይሆን በቤት መኪና እንደምትወሰድ። ከቤተሰቡ የቤት መኪና ያለኝ ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ።

«የቤት መኪና» የሚለው ስም ሁልጊዜ ያስቀኛል። ቤት ያላቸው የማውቃቸው ሰዎች መኪና የላቸውም፤ እኔ ደግሞ መኪና የገዛሁት ቤት መሥራት ስላቃተኝ ነው።

መኪናዬ ጣሊያን ሠራሽ አሮጊት ናት። ሞተሯ ይሠራል፤ ፍሬኗም ሲለመን ይይዛል። ችግሯ ያለው ጣራዋ ውስጥ ነው። ከቆርቆሮው ሥር በሽቦ ቅስቶች ላይ የተወጠረው ጨርቅ ስፌቱ በስብሶ፣ መሐሉ እንደ እርጉዝ ላም ሆድ ተንዘርጥጦ ነበር። ባለፈው ወር ከጫማ ሰፊ ማስቲሽ ገዝቼ ሽቦው ላይና ዳር ዳሩን አጣበቅሁት። እንዲህ እንደሚደረግ አንድ የውጭ አገር መጽሔት ላይ አንብቤ ነበር። መጽሔቱ የታተመው በረዶ በሚዘንብበት አገር እንደሆነ ልብ ያልሁት ግን ዛሬ ነው።

ረፋድ፤ ከሐይቅ እስከ ውርጌሳ

ሐይቅ ከተማ ላይ ሻይ በትኩስ ዳቦ። ሐይቁ ውበቱን ለማየት የቆመ ሰው ሳይኖር ያምራል፤ እኛም ለሱ ብለን አልቆምንም። ውጫሌን አልፈን ቁልቁለቱን ስንጀምር ብርዱ ቀረ። ካፖርቴን አወለቅሁ፤ እታለም ጋቢዋን ወደ ኋላ ወረወረች። መንገዱ ጥምዝምዝ፣ ግራና ቀኙ የታጨደ ማሽላ፣ አውድማ ላይ በሬዎች፣ ጨው የጫኑ ግመሎች። ሐብሩ ወረዳ ከገባን በኋላ ቆርቆሮው እየጋለ መጣ።

ውርጌሳ ሳንደርስ ማስቲሹ ለቀቀ። መጀመሪያ ከፊት መስተዋቱ በላይ ጠቅ፣ ቀጥሎ ጠቅ ጠቅ አለ። ከዚያ ያ ሁሉ ጨርቅ ከነአቧራው በአንድ ጊዜ ወርዶ እታለምን ከራሷ እስከ ትከሻዋ አለበሳት።

መኪናዋን ዳር አስያዝኩ። እታለም ጨርቁ ውስጥ እንዳለች አልተንቀሳቀሰችም።

«ሙሽራዋ ላይም እንዲህ ነው የሚወርደው?» አለች ከውስጥ።

«ማስቲሹ ሙቀት አልወደደም።»

«እሑድ ሙቀት የለም ማለት ነው?»

«ትንሽ ባጣብቀው…»

«አንተ ሰውዬ፣ ቬሎዋ ነጭ ነው። ፀጉሯን ቀኑን ሙሉ ነው የሚሠሩት። ይሄ ቡትቶ ከወረደባት አባቷ ከመኪናው አስወርደው ወደ ቤት ይመልሷታል። እኔ እሳቸውን አውቃቸዋለሁ፤ ካሉ አይመለሱም።»

ከዚያ ወዲያ እስከ መርሳ ጨርቁን በሁለት እጇ ወደ ላይ ደግፋ ተጓዘች። ያገኘን ሁሉ እጅ የሰጠች መስሎት ይስቃል።

ዓርብ፤ መርሳ

መርሳ ስንገባ የብርቱካንና የግመል ሽታ ተቀላቅሎ ተቀበለን። ጋራዡ ውስጥ ያለው መካኒክ ራሱን ወደ መኪናው አስገብቶ አውጥቶ፣ «ይሄ የሞተር ነገር አይደለም፣ ጨርቅ ነው። ለጨርቅ ይማም አለላችሁ» አለ።

ጋሽ ይማም ልብስ ሰፊ ናቸው። ሱቃቸው በራፍ ላይ የስፌት መኪናቸውን ዘርግተው፣ በእግራቸው እየረገጡ፣ በአፋቸው ለመንገደኛው ሁሉ መልስ እየሰጡ ነው የሚሠሩት። ትሑት ሰው አይደሉም። የቤት ኮርኒስም ይወጥራሉ፦ ነጭ አቡጀዲ ሰፍተው፣ በጣራው ሥር ዘርግተው፣ የዱቄት ሙጫ ቀብተው።

«ከዚህ እስከ ሐራ ነጭ ኮርኒስ ያለው ቤት ካያችሁ የኔ እጅ ነው» አሉን ሳንጠይቃቸው። «ደሞ ምን ዓይነት መኪና ናት?»

«የቤት መኪና ናት» አለች እታለም፤ የጭነት እንዳትመስላቸው ብላ።

«የቤት ከሆነችማ አብሽሩ። የቤት ኮርኒስ ነው የምሠራላት።»

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

አሮጌውን ጨርቅ አወረዱና እንደ ልክ አድርገው አቡጀዲውን በላዩ ቀደዱ። የሽቦ ቅስቶቹ አንዱ ከአንዱ ስለማይስተካከል፣ ሲያወጧቸው በየተራቸው ደጃፉ አሸዋ ላይ ተከሏቸው። ትልቅ አውሬ ሞቶ ጎድኑ የቀረ ይመስል ነበር። ስፌቱን እንደ ጀመሩ ለጁምዓ ተነሡ፤ ሱቁን ዘግተው መስጊድ ሄዱ። እኔና እታለም የመኪናችንን አጥንት እየጠበቅን ፓፓያ በላን።

ሲመለሱ ሽቦዎቹን በተሰፋላቸው ኪስ አስገቡ፣ ከነጨርቁ ሰቀሉ፣ ዳር ዳሩን ከመስተዋቱ ጎማ ሥር ወተፉት። ቀጥ ብሎ ተወጠረ። እኔ ሥራው አለቀ ስል እሳቸው በድስት የዱቄት ሙጫና ብሩሽ ይዘው መጡ።

«ይሄ ደግሞ ምን ያደርጋል?»

«ሲደርቅ ይወጥረዋል።»

«ተወጥሯል እኮ። ይሄ ለቤት ነው ጋሽ ይማም፤ መኪና ይንቀሳቀሳል።»

«ነፋስ ሲመጣ ቤትም ይንቀሳቀሳል።»

«ይደርቅና ይሰነጠቃል እያልሁዎት ነው።»

«ጌታዬ፣ ያንቱ ማስቲሽ የት ደረሰ?»

እታለም ጣልቃ ገባች። «ይቀቡት። የሱን እውቀት ውርጌሳ ላይ ለብሼዋለሁ።»

ሙጫው እስኪደርቅ ማደር ግድ ሆነ። ያደርንበት ሆቴል ግድግዳው ላይ የጃንሆይ ፎቶ፣ ከፎቶው በላይ ነጭ የአቡጀዲ ኮርኒስ አለው። እታለም ቀና ብላ አይታ፣ «እንግዲህ መኪና ውስጥ አደርን» አለች።

ቅዳሜ፣ ጧት፤ መርሳ

አልተሰነጠቀም። እንደ ወረቀት ነጭ፣ አንድ እጥፋት የለበትም። መሳሳቴን ልናገር ስዘጋጅ በጣቴ አንጓ መታሁት።

ዱም አለ።

እታለም ዓይኗን አፈጠጠች። እንደገና መታሁት። ዱም።

«ጋሽ ይማም» አለች፣ «ኮርኒስ ብለን ሰጥተን ከበሮ ሠሩልን?»

«ወላሂ፣ ጥሩ ተወጥሯል ማለት ነው። የላላ ነገር አይጮህም።»

«በየጉድጓዱ እየደለቀ ሊሄድ ነው እኮ።»

«ታዲያ ሠርግ አይደለም እንዴ የምትሄዱት?»

ለማፍረስ ጊዜ የለም። እስከ ወልዲያ በየጎርባጣው ዱም፣ በየድልድዩ ዱም ዱም። አንድ ጊዜም «ብዬሽ ነበር» አላልኋትም፤ ያልሁት ይሰነጠቃል እንጂ ይጮኻል አልነበረምና።

እሑድ፤ ሲሪንቃ

የሙሽራዋ ቤተሰብ ዳስ ከመንገዱ ብዙ አይርቅም። ሙሽራው፣ ሚዜዎቹ፣ አጃቢውን የጫነ አንድ የጭነት መኪና፣ ፊት ፊት እኔ። የልጅቷ አባት አቶ አራጋው የእህል ነጋዴ ናቸው፤ ማንኛውንም ነገር እንደ ጆንያ ከላይ እስከ ታች ያያሉ። ሌላው ሰው ሙሽራውን ሲቀበል እሳቸው ወደ መኪናው መጡ። ጎማውን አዩ። በሩን ከፍተው ዘጉ። ከዚያ ባርኔጣቸውን አውልቀው ራሳቸውን አስገቡ፣ ወደ ላይም አንጋጠጡ።

እታለም ክንዴን ያዘች። «እንዳይነኩት» አለች ቀስ ብላ።

ነኩት። ዱም።

አቶ አራጋው እንደገና መቱት፤ ራሳቸውንም ሳያወጡ ጠየቁኝ።

«ይሄ የይማም እጅ አይደለም?»

«በምን አወቁ?»

«የኔን ሳሎን የሠራው እሱ ነው። አይጥ ሲሮጥበት ልክ እንዲህ ነው የሚለው።» ወጡና ባርኔጣቸውን ደፉ። ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረው፣ «የቤት መኪና ብላችሁኝ ነበር» አሉ። «ቤት ናት።»

እታለም ክንዴን ለቀቀችው። ጥፍሯ ያረፈበት ቦታ ሰምበር አውጥቷል።

ሙሽራዋ እንደ ደንቡ አንገቷን ደፍታ፣ እያለቀሰች ገባች። ከመንደሩ እስክንወጣ ማልቀሷን አላቆመችም፤ የእውነቷን ነበር። ሙሽራው መሐረብ ይዞ ምን እንደሚያደርግበት አያውቅም። ዋናው መንገድ ላይ የመጀመሪያው ጉድጓድ ሲያገኘን ዱም አለ። ልቅሶው ቆመ።

«ምንድን ነው እሱ?» አለች። ድምፅዋን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

«ኮርኒሱ ነው» አለ የእህቴ ልጅ። «ጨርቁ በሙጫ ሲደርቅ ይኮማተርና፣ በሱና በቆርቆሮው መሐል ያለው አየር…»

አስተማሪ ነው፤ በሠርጉ ቀንም አያርፍም። እሷ ግን እስኪጨርስ አልጠበቀችም። ቬሎዋን ሰብሰብ አድርጋ እንሶስላ የሞቀ እጇን ዘረጋችና ኮርኒሱን መታችው። ከጎኔ በእታለም ቦታ የተቀመጠው ሚዜ ዞር ብሎ አያት። ደግማ መታች፤ ምቱንም ያዘችው። ሚዜው ዘፈኑን አነሣ። የጭነት መኪናው ከኋላችን ከበሮ ይዞ እየመጣ ነበር፤ ወልዲያ እስክንገባ ግን የኛን የሚያክል ድምፅ አልነበረውም።

ሰኞ፤ ወደ ደሴ

ብቻዬን ነኝ፤ እታለም ወልዲያ ልጇ ጋ ቀርታለች። መርሳ ላይ ጋሽ ይማምን ላመሰግን ቆምኩ፤ ምስጋናውን ቀድመው ራሳቸው ጨርሰውት ነበር። ከውጫሌ ሽቅብ ስወጣ ድለቃው እየከሰመ ሄደ። ጦሳ ሥር ጭጋጉ ውስጥ ስገባ በአንጓዬ ነካሁት። አልጮኸም። እርጥበቱ ሙጫውን አላልቶታል፣ መሐሉም ትንሽ ረግቧል።

ከኋለኛው ወንበር በላይ፣ ነጩ አቡጀዲ ላይ፣ የአምስት ጣት ቀይ የእንሶስላ ምልክት አለ። መኪናዋ ውስጥ ከባለፈው ወር የተረፈ ግማሽ ጣሳ ማስቲሽ ነበረኝ። ደሴ እንደ ደረስኩ ለጫማ ሰፊው መለስኩለት።